ድሪቶው ስንት ክንድ ይሁን?

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ዛሬ ብርዱ አይጣል ነው፤ «የብርድ ለት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ፣ ጆሯችሁን ወዲህ ስጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ መርፌና ክር እንደ ጎረቤት በሚያወጉበት ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ፣ ከቋጥኝ ሥር ባለች ጠባብ ዋሻ ውስጥ የሽኮኮ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ሽኮኮን ታውቋታላችሁ፤ ድብልብል ያለች፣ ጭራ የነፈጓት፣ ጠዋት ጠዋት እንደ እህል ድንጋይ ላይ ተሰጥታ ፀሐይ የምትሞቅ።

የቤቱ አባወራ አያ ጎራው ይባላል። ቁመቱ አጭር ነው፤ ስለ ቁመቱ የሚያወራው ግን ረጅም ነው። ሚስቱ ሸጊቱ ትባላለች። እጇ ሥራ ከፈታ ራሷን የሚያማት፣ ሁሉን አስባ ሁሉን አብልታ መጨረሻ ላይ የምትቀመጥ ሴት ናት። የጎራው እናት እመት አምባነሽ ደግሞ አብረዋቸው ይኖራሉ። እሳቸውን ይሉኝታ አሳድጓቸው ይሉኝታ ነው ያስረጃቸው። «ይብሉ እንጂ» ሲሏቸው «አሁን በላሁ» ይላሉ፤ «ይቀመጡ እንጂ» ሲሏቸው «መቆም ይሻለኛል» ይላሉ። ልጆቹንስ ስንት ናቸው አትበሉኝ። እናታቸውም ስትጠራቸው አንዱን ከጠራች በኋላ ሌላው ስለሚወጣ፣ ቆጥራ ጨርሳ አታውቅም።

ያ ገደል ዳር ታዲያ ጥቅምት ሲገባ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ሰማዩ ይጠራል፣ ኮከቡ ይፈላል፣ ሲነጋ ሣሩ ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ይታያል። አምና በዚያ ውርጭ የጎራው አባት ሳይነሡ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሸጊቱ ጥርት ያለ ሰማይ ባየች ቁጥር ሌላው «ደስ ሲል!» ሲል እሷ ልጆቿን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች።

«ዘንድሮ ለውርጭ የምሰጠው ሰው የለኝም» አለች ለራሷ። «ድሪቶ እደርታለሁ። ከጨርቅ ላይ ጨርቅ፣ ከቁራጭ ላይ ቁራጭ ደራርቤ ለሁላችን የሚሆን አንድ ወፍራም ድሪቶ እሰፋለሁ።»

በምን ትሰፋለች? እንዲህ ሆነ። አንድ ልብስ ሰፊ ወደ ገበያ ሲሄድ ከቋጥኙ ላይ አረፍ ብሎ ነበር። ሲነሣ ኮሮጆውን ረሳ። ሸጊቱ ብትከፍተው መርፌ፣ መቀስና አንድ ልቃቂት ክር ተኮራርፈው ተቀምጠዋል።

መርፌ ቀጭን ናት፤ ነገሯም አጭር ነው፣ ግን ይወጋል። መቀስ ነገር ሳይሰማ የሚቆርጥ ነው። ክር ደግሞ... ኧረ እሱስ ራሱ ይናገር።

«እኔ እኮ» አለ ክር ገና ፀሐይ ስታገኘው፣ «ከቆላ ጥጥ ተለቅሜ፣ በእንዝርት ሾሬ፣ በልቃቂት ተጠቅልዬ፣ ገበያ ለገበያ ዞሬ፣ የባለጸጋውን ካባ ጠርዝ፣ የሙሽራውን እጀ ጠባብ አንገት፣ የዳኛውን ኪስ፣ ኪሱም ቀዳዳ ነበረበት፣ ቀዳዳውም እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁና...»

«ቋጠሮ ሆንክብኝ» አለች መርፌ።

«ልቁረጠው?» አለ መቀስ።

ሸጊቱ ሣቀችና ሦስቱንም ይዛ ገባች።

ጨርቁስ? ጨርቁን የሰጠቻት እመት ቀጋ ናት። ከመንገዱ ጠርዝ የበቀለች እሾሃም ቁጥቋጦ ናት፤ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ ቁራጭ ከልብሱ ታስቀራለች።

«እመት ቀጋ፣ የያዝሽውን ጨርቅ ስጪኝ እባክሽ» አለቻት ሸጊቱ።

«ነጠቀች እንዳትይኝ እንጂ» አለች ቀጋ። «እኔ ‹ቆይ ተጫወት› ብዬ ነው የምይዛቸው፤ እነሱ እየተቻኮሉ ጥለውልኝ ይሄዳሉ።»

«ታዲያ ለልጆቼ ስጪኝ። ውርጭ እየመጣ ነው።»

«ለልጆች ከሆነ ውሰጂ። የሙሽሪትን ቀሚስ ቁራጭ ብቻ ተይልኝ፤ ለበዓል የምለብሰው ነው።»

ሸጊቱ የሙሽሪትን ቁራጭ ትታ ሌላውን ሁሉ ለቅማ ወጣች። ቀዩ ከነጩ፣ ሸማው ከበርኖሱ፣ ክምሩ ዋሻውን ሞላው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገር የመጣው። መርፌ ዓይኗን አጨንቁራ «ስንት ክንድ ነው?» አለች።

«እ?»

«ቁመቱ ስንት ክንድ? ወርዱ ስንት ክንድ? ልኩን ሳልሰማ አልሰፋም።»

ሸጊቱ ይህን አላሰበችበትም። ጨርቁን ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች፤ ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች። በዚህ መካከል ጎረቤታቸው አያ ጭላዳ ከች አለ።

አያ ጭላዳ የዝንጀሮ ባላባት ነው። ካባው ከእናቱ ማሕፀን አብሮት የወጣ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ሽልማት ያንጠለጠለ የሚመስል። ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሳይጠይቁት ይመክራል።

«ምን እየሠራሽ ነው ሸጊቱ?»

«ድሪቶ አያ ጭላዳ። ልኩ ጠፍቶብኝ ነው።»

«ልክ?» አለ አያ ጭላዳ ካባውን ነፋ አድርጎ። «ልክ እኮ ለድሃ ነው! የጎራው ቤት ድሪቶ ከማዶ መታየት አለበት። በእኔ ክንድ ሃያ በሃያ አድርጊው። ከማዶ ያለ ሰው ‹ያ የማን ነው?› ሲል ‹የሽኮኮዎቹ ነዋ!› ይባል።»

አያ ጎራው ከማዶ የሚለውን ሲሰማ ደረቱ ተነፋ። «ሰማሽ ሸጊቱ? ከማዶ!»

እመት አምባነሽ ጥጋቸው ላይ ሆነው፣ ለራሳቸው ያህል፣ «የሚበርደው ማዶ ያለው ሰው ነው እንዴ?» አሉ። ቀስ ብለው ስላሉት ማንም አልሰማቸውም። ቀስ ያሉትም እንዳይሰሙ ብለው ነው።

ሸጊቱም በአያ ጭላዳ ክንድ ሰፋችው። መርፌ ወጣች ገባች፣ ወጣች ገባች። ክር ደስታው ወሰን አጣ፤ ሲሰፋም ያወራል፣ ሲቋጠርም ያወራል። «ይኸውላችሁ ይህ ነው ሥራ! ባለጸጋው ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ስፋት፣ እንዲህ ያለ ርዝመት፣ እንዲህ ያለ...» ድሪቶው ሲያልቅ ገደሉ ላይ ዘረጉት። እውነትም ከማዶ ታየ። አሞራ ሳይቀር «ተራራው ምን ለብሶ ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ዞረበት።

ሲመሽ ግን ሊያስገቡት ቢሉ በዋሻው አፍ አልገባ አለ። ጎራው ከፊት ጎተተ፣ ሸጊቱ ከኋላ ገፋች፣ ልጆቹ ከመሐል ተንጠለጠሉ። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። ውጭ የቀረው ጤዛውን ጠጥቶ ሲከብድ የገባውን እየሳበ ያስወጣ ጀመር። ውስጥ የገቡትም ሽኮኮዎች በእጥፋቱ መሐል ተበታተኑ፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ሽኮኮ ደግሞ ወገን ካልነካው አይሞቀውም።

ሲነጋ ጎራው የለም።

«አባዬ ጠፋ!» ብለው ልጆቹ ጮኹ።

ሸጊቱ እጥፋቱን ከፈተች፣ የለም። ሌላውን ከፈተች፣ የለም። ከድሪቶው ሆድ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«እዚህ ነኝ!»

«የት?»

«እዚህ ነኛ! የት እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም!»

ሲያወጡት ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ «ከማዶ» የሚለው ነገርም ከአፉ ጠፍቷል።

መቀስ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር። እግሮቹን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገና «ይቆረጥ!» አለ።

«ስንት ይቆረጥ?» አለች ሸጊቱ።

«እስኪበቃ።»

«መቼ ይበቃል?»

«ሲያልቅ!» አለ መቀስ። ከዚያም ቁጣው እንዳይታወቅበት ለስለስ ብሎ፣ «ስሚኝ ሸጊቱ፤ ያማረ ነገር ትንሽ ነው። ትንሽ ድሪቶ አትከብድም፣ አትቆሽሽም፣ በዋሻ አፍ እልም ብላ ትገባለች። ትንሽ ቤት፣ ትንሽ ድሪቶ!» አላት።

ነገሩ እውነት መሰላት። ትናንት በብዛት ስለተጎዳች ዛሬ ማነስ ጽድቅ ሆኖ ታያት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! መቀስ ከዳር ቆረጠ፣ ከመሐል ቆረጠ፤ ሸጊቱ «ኧረ በቃ!» እስክትል ድረስ ቆረጠ፤ ካለችም በኋላ አንድ ጊዜ ቆረጠ። የተቆረጠው ጨርቅ ተመልሶ ይሰፋል፤ የተቆረጠው ክር ግን አይመለስም። ክር ቁርጥራጩን ሲያይ አዘነ። «ያ ሁሉ ድካሜ እንዲህ ሆኖ ቀረ!» አለና፣ እንግዳ ነገር ነው፣ ዝም አለ።

ትንሿ ድሪቶ በዋሻው አፍ እልም ብላ ገባች። ሁሉም ከሥሯ ተኮለኮሉ። ወዲያው ጦርነት ተነሣ።

«ሳብ!»

«አትሳብ!»

«እግሬ!»

«ጆሮዬ!»

«አንተ ነህ የሳብከው!»

«እኔ አልሳብኩም፤ እሷ ናት የመጣችው!»

አንዱ ሲለብስ አንዱ ይገለጣል፤ የተገለጠው ሲጎትት የለበሰው ይነቃል። ሲነጋ ድሪቶዋ የቤቱን ወፍራም ልጅ ብቻ ተጠቅልላ ተገኘች። እሱም ያንኮራፋል። ጎራው አፍንጫው በርበሬ መስሏል። እመት አምባነሽ ደግሞ ከነጭራሹ ዋሻው አፍ ላይ ናቸው።

«እሜቴ! ምን ሆነው ነው ውጭ ያሉት?» ብላ ሸጊቱ ሮጠች።

«አይ ልጄ፣ ሞቆኝ ነው ወጣ ያልኩት» አሉ እመት አምባነሽ። ጢማቸው ላይ ውርጭ ተንጠልጥሏል። «ምነው እንዲህ ሞቀ ዘንድሮ...» አሉና ሳል ያዛቸው። ኡህ ኡህ፣ ኡህ ኡህ። ሳሉ ጥልቅ ነበር፤ ዋሻው እስኪያስተጋባ።

ሸጊቱ ያን ሳል ስትሰማ ደነገጠች። አምና የጎራው አባት ነገርም በሳል ነው የጀመረው። እመት አምባነሽን ደግፋ አስገብታ፣ ጀርባቸውን እያሸች፣ መቀስን በክፉ ዓይን አየችው። መቀስ እግሩን ገጥሞ ኮሮጆው ውስጥ ገባ።

«ከእንግዲህ ጎረቤትም አልሰማም፣ መቀስም አልሰማም» አለች። «የሚለብሱትን ራሳቸውን እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ የሚበቃውን ይንገረኝ፤ እንደ ቃሉ እሰፋለታለሁ።»

ከሰርዶ ረጅም ገመድ ገመደችና ሁሉንም በረድፍ አቆመች።

መጀመሪያ አያ ጎራው ቀረበ። በእግሩ ጣት ቆመ። አልበቃውም፤ ድንጋይ ላይ ወጣ። «ለኪ» አለ አገጩን ቀና አድርጎ።

«ድንጋዩንም ልለካው?»

«እሱን እንኳ ተይው። ጆሮዬን ግን እንዳትረሺ።»

ከዚያ ልጆቹ መጡ። አንዱ «ለእኔ ከእሱ የበለጠ» ይላል፤ ያችኛዋ «ለእኔ ከእሷ የበለጠ» ትላለች፤ ትንሹ ልጅ ከአንድ ቃል በላይ መናገር ስለማይችል እጁን ዘርግቶ «ይኼን!» ብሎ ሰማዩን አሳየ። ሸጊቱ እየሣቀችም እየደከመችም የሁሉንም ገመዱ ላይ ቋጠረች።

መጨረሻ ላይ እመት አምባነሽ ቀረቡ። ራሳቸውን ሰብስበው፣ ሰብስበው፣ አንድ ጭብጥ አክለዋል።

«እሜቴ፣ ለእርስዎስ?»

«ለእኔማ ምን ያደርግልኛል ልጄ። መሐረብ የምታክል ትበቃኛለች።» ትንሽ አሰቡና፣ «እሷም ከልጆቹ ከተረፈች ነው» አሉ።

«እሜቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ!»

«ምን አጣሁና እዋሻለሁ?» አሉና ሳሉን በእጃቸው አፈኑት።

ሸጊቱ ቃል ገብታለችና እንደ ቃላቸው ሰፋች። የተቆረጠውን መልሳ ቀጠለች፣ ያጠረውን አስረዘመች። መርፌ ስታልፍ ስትመለስ አመሻት። ክር እየሳሳ ሄደ፤ ወሬውም አብሮት ሳሳ። አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ «የጠርዙ ነገር... ብዙ አልቀረኝም» አለ።

ድሪቶው አልቆ ሲዘረጋ ግን እናንተ ብታዩት! በጎራው በኩል የሙሽራ መጎናጸፊያ መስሎ ይጎተታል። በልጆቹ በኩል አንዱ ጫፍ ወጥቶ ሌላው ጫፍ ገብቷል። በእመት አምባነሽ በኩል ደግሞ የተባለችው መሐረብ ብቻዋን ጥግ ላይ ተንጠልጥላለች። መርፌ አየት አድርጋ «ይኼ ልብስ ነው ወይስ የአገር ካርታ?» አለች።

ለብሰውት አደሩ። ከጎራው እግር በታች የተረፈው ብዙ ስለሆነ ሦስት ልጆች እዚያ ገብተው ድብብቆሽ ተጫወቱበት። የእመት አምባነሽ እግር ግን ውጭ አደረ። ጠዋት ተነሥተው ፀሐይ ልሙቅ ቢሉ ጉልበታቸው ከዳቸው።

ጎራው እናቱን አይቶ ድንጋይ ላይ መውጣቱ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «እኔ እኮ... እንደ ጨዋታ ነው ያልኩት» አለ።

«እኔ ግን እንደ እውነት ሰፋሁት» አለች ሸጊቱ። ድሪቶውን ይዛ ዋሻው አፍ ላይ ተቀመጠችና ስፌቱን ትፈታ ጀመር። እንባዋ ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጠብ ሲል በጨርቁ ጠረገችው። አንድ ልክ ብቻ ቀርቷታል፤ ለሌላ ስሕተት የሚሆን ክር የለም።

እኩለ ቀን ላይ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወጣ፤ አካፋ። ፀሐይ ሲሞቁ የነበሩት ሽኮኮዎች ሁሉ ተንጋግተው ገቡ። ድሪቶው ሸጊቱ ጭን ላይ ስለሆነ ያለምንም ልብስ ወደ ዋሻው ጥግ ሄደው ተኙ። እሷም ፊቷን ወደ ጉሙ አድርጋ ስትፈታ ቆየች። ከቆይታ በኋላ ዝምታው በዛባትና «ምን አግኝቷቸው ነው?» ብላ ዞረች።

ምን ብታይ ጥሩ ነው?

ያ በድንጋይ ላይ የቆመው ጎራው እንደ ዳቦ ድብልብል ብሎ፣ አፍንጫውን ከእናቱ ጀርባ ሥር ቀብሮ ተኝቷል። ሁለት ስንዝር አይሞላም። «ከእሱ የበለጠ፣ ከእሷ የበለጠ» ሲሉ የነበሩት ልጆች አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው፣ የማን እግር የማን እንደሆነ አይለይም። ሰማዩን ያለው ትንሹ በአባቱ ብብት ገብቶ ጆሮው ብቻ ትታያለች። እመት አምባነሽስ? መሐረብ ትበቃኛለች ያሉት እመት አምባነሽ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ በግራና በቀኝ የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው፣ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። የዋሻውን እኩሌታ የያዙት እሳቸው ናቸው!

ሸጊቱ ሣቋ አምልጧት አፏን በድሪቶው ያዘች።

«እሜቴ ይሉኝታቸውን ለእንቅልፍ አስረክበውታል» አለች በልቧ። «ቆመው ሲለኩ ሁሉም ዋሸኝ። አንዱ በትዕቢት ረዘመብኝ፣ አንዷ በትሕትና አጠረችብኝ። ድሪቶ ደግሞ የሚለበሰው ተኝቶ ነው።»

የሰርዶ ገመዷን አነሣች፤ ቋጠሮውን ሁሉ ፈታች። በእግሯ ጣት እየተራመደች ከእመት አምባነሽ ራስ እስከ እግራቸው ዘረጋችው። እዚያ ላይ ቋጠረች። ከጎራው ጀርባ እስከ ወዲያኛው ልጅ ጀርባ ዘረጋችው። እዚያም ቋጠረች። ልትነሣ ስትል ጎራው ተገላበጠ፤ እሱ ሲገላበጥ ሁሉም ተገላበጡ። «አዎ፣ ሰው ይገላበጣል» አለችና እንደገና ለክታ ለመገላበጫ አንድ ስንዝር ጨመረች። በአራቱም ጎን ወደ ሥር የምትታጠፍ ጋት አከለችበት፤ ነፋስ ከሥር እንዳይገባ።

መቀስ ከኮሮጆው ውስጥ ሆኖ ሹክ አለ። «አሁንስ ልቁረጥ?»

«ዝም በል! ትቀሰቅሳቸዋለህ። ስጠራህ ትመጣለህ።»

ስትጠራው መጣ፤ ያለችውን ብቻ ቆረጠ። መርፌም ሳትወጋ ሰፋች። ክርም ከወሬው ሁሉ የተረፈችውን አንዲት ቃል ቆጥቦ ይዞ ዝም ብሎ ተሳበ። ጉሙ ሲገፈፍ፣ ፀሐይ ወደ ማዶው ተራራ ስታዘቀዝቅ ድሪቶው አለቀ። አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ከማዶ የማይታይ ድሪቶ።

ማታ ተኙና አለበሰቻቸው። የእመት አምባነሽ እግር ገባ። የጎራው ጀርባ ገባ። የልጆቹ ጆሮ ሁሉ ገባ። አንድ ሰው «ሳብ» አላለም፤ አንድ ሰው «አትሳብ» አላለም። ሸጊቱ ቆማ አየቻቸውና ደረቷ በደስታ ሞላ። «እንግዲህ እኔም ልተኛ» ብላ ጠርዙን ገለጥ አደረገች።

ቦታ የለም።

ወደ ጎራው በኩል ዞረች፤ ብትስበው ጀርባው ይገለጣል። ወደ ልጆቹ ዞረች፤ ብትስበው ትንሹ ይወጣል። ወደ እመት አምባነሽ ዞረች፤ እሳቸውንማ እንዴት ብላ! ቆም ብላ አሰበች። ቀን ላይ ሁሉም ክምር ብለው ሲተኙ ገመዱን ይዞ የቆመው ማን ነበር? ለኪዋ ከክምሩ ውጭ ነበረች። ሁሉን ለካች፤ ራሷን አልለካችም።

ጠርዙን መልሳ ከደነች። ቀስ ብላ ዋሻው አፍ ላይ ቁጭ አለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

እመት አምባነሽ እንቅልፍ ሲወስዳቸው አንድ ነገር ጎደለባቸው መሰል፣ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ሸጊቱ?»

«አቤት እሜቴ።»

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የወዳደቀ ክር እየለቀምኩ ነው።»

«በጨለማ?»

«ጥቂት ናት፤ አሁን እጨርሳለሁ። እርስዎ ይተኙ።»

እመት አምባነሽ ተነሥተው ተቀመጡ። ድሪቶውን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። ከዚያ በዕድሜያቸው ሙሉ አውጥተውት የማያውቁት ድምፅ ከሆዳቸው ወጣ።

«ተነሡ! ሁላችሁም ተነሡ! ጎራው! አንተ ጎራው!»

ጎራው ዘሎ ተነሣና ራሱን ከዋሻው ጣሪያ ጋር አጋጨ። ልጆቹ ፈሰሱ። መቀስ እንኳ ደንግጦ ተከፈተ።

«እሷ ሁላችንን ለካችን» አሉ እመት አምባነሽ። «እሷን ማን ለካት?»

ጎራው የተጋጨውን ራሱን አሸ። «እኔ... ሸጊቱ እኮ ሁልጊዜ አለች» አለ። «ስላለች... አላሰብኩትም።»

«አለች! ግድግዳም አለ!» አሉ እናቱ። «ገመዱን አንሣ!»

«እሜቴ፣ ኧረ ይተዉ፣ እኔ ምንም አልሆንኩ» እያለች ሸጊቱ ቆመች። ትከሻዋን ሰብስባ፣ አንገቷን ቀብራ፣ ትንሽ ለመምሰል ሞከረች።

«ይኼው! እኔንም በለጠችኝ!» አሉ እመት አምባነሽ። «ቆማ አትለካም። ነይ ከመሐል ግቢ።»

ጎትተው ከመሐል አስተኟት። ልጆቹ በዚህም በዚያም ተለጠፉባት። ሸጊቱ «አንድ ጊዜ ብቻ ጋደም ብዬ እነሣለሁ» አለች፤ ግን ቃሏን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ያን ያህል ደክሟት ነበር። ተኝታም እጇን ከዚህ ጫፍ እስከ ወዲያ ጫፍ ዘረጋች።

ጎራው ገመዱን ይዞ ለካት። «እማዬ፣ ሰፊ ናት!» አለ ተገርሞ።

«ሰፊ ባትሆን ይህን ሁሉ እንዴት ይዛው ኖረች?» አሉ እናቱ።

ጨርቅ ግን አልቆ ነበር። እመት አምባነሽ ትንሽ ቆሙና ወገባቸው ላይ ያለውን መቀነት ይፈቱ ጀመር። ሲፈቱት አያልቅ፣ ሲፈቱት አያልቅ። የእናታቸው መቀነት ነው፤ ለማንም አውሰውት አያውቁም። አጥፈው ደረቡት፣ ደርበው ከድሪቶው ጠርዝ ላይ ዘረጉት። ልክክ አለ። ጎራው መርፌዋን ያዘ፤ ከያዛት ጀምሮ ጣቱን ወጋችው፣ ደግሞ ወጋችው። በሦስተኛው «ይቅርታ» አለችው፤ በዘመኗ ማንንም ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም። እሱ ይሰፋል፣ እናቱ ያቀኑታል። ክሩም ሳሳ፣ ሳሳ፣ መጨረሻዋ ጫፍ ከመጨረሻዋ ቋጠሮ ላይ ስትደርስ ክር ያስቀመጣትን ያቺን አንዲት ቃል ተናገረ።

«በቃ!» አለ።

ልኩም በቃ፣ ክሩም በቃ።

ሲነጋ ገደሉ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር። ሣሩ ነጭ፣ ቋጥኙ ነጭ። ሸጊቱ ዓይኗን ስትገልጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም በኋላ የነቃች እሷ ነበረች። እጇ ሙቅ ነው፣ እግሯ ሙቅ ነው። ሊነሡ የፈለጉትም እንዳይቀሰቅሷት ፈርተው አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም፤ ስምንት ጆሮ ይሁን አሥራ ስምንት፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይጠብቃታል። ከአገጯ ሥር አዲስ ጠርዝ አየች። ዳሰሰችው፣ መቀነቱን አወቀችው።

«እሜቴ...» አለች ጠርዙን እንደያዘች።

«ዝም በይ። ነፋስ ታስገቢያለሽ» አሉ እመት አምባነሽ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳላቸው ለቀቃቸው፤ ከዚያም በኋላ «ይብሉ» ሲሏቸው አንዳንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ «እስቲ አምጪ» ይሉ ጀመር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ልብስ የምትሰፉ የቆመውን ትታችሁ የተኛውን ለኩ፤ የቆመ ሰው ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል። ለሁሉ ስትለኩም ገመዱን የያዘውን አትርሱት። «ሰፊን ማን ይሰፋላታል፣ ለኪን ማን ይለካላታል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ እግሬን አልብሱ።